ካሜራዎቹ የማያዩት ውስጥ እግር

ብሪዝበን፣ ሲድኒና ሜልበርን ባሉ የምርምር ማዕከላት ታካሚው የውስጥ ልብሱን ብቻ አስቀርቶ ዙሪያውን በተተከሉ ምሰሶዎች መካከል ገብቶ ይቆማል። እጆቹን ከጎኑ ትንሽ ራቅ ያደርጋል፤ አይንቀሳቀስም። በምሰሶዎቹ ላይ 92 ካሜራዎች ተደርድረዋል። ብልጭታው አንዴ ቦግ ሲል ሁሉም እኩል ያነሳሉ፤ የታካሚው ድርሻ በዚህ ያበቃል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ምስሎቹን ገጣጥሞ መላ ገላውን በባለ ሦስት አውታር ምስል ያወጣዋል። ሐኪሙ ምስሉን በስክሪን ላይ እያዟዟረ ጀርባውን፣ ወገቡን፣ የባቱን ኋላ ያያል፤ 2 ሚሊ ሜትር የምታህል ነጥብ እንኳ አጉልቶ ይመረምራል። ሰውየው በዓመቱ ሲመለስ አዲሱ ምስል ከአሮጌው ጎን ይቀመጥና የትኛው ነጥብ እንደ ሰፋ፣ የትኛው ቀለሙን እንደ ለወጠ፣ የትኛው ከዚህ በፊት እንዳልነበረ ይለያል።

መሣሪያው ቬክትራ ደብሊውቢ360 ይባላል፤ ሠሪው ካንፊልድ ሳይንቲፊክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ሥራውን የሚመሩት የኩዊንስላንድ፣ የሲድኒና የሞናሽ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ያቋቋሙት የሜላኖማ ምስልና ምርመራ ማዕከል ባለሙያዎች ናቸው። ማዕከሉ ከአውስትራሊያ የካንሰር ምርምር ፋውንዴሽን 10 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ድጋፍ አግኝቶ በሦስት ክፍላተ ግዛት 15 መሣሪያዎችን ለመትከል ተነሣ። ሐሳቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገላ በየጊዜው እያነሱ፣ በምስሎቹ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን እያሠለጠኑ፣ ሜላኖማ የተባለውን የቆዳ ካንሰር ገና ከመነሻው መያዝ ነው።

ሥራው ትልቅ ነው፤ ከልቤ አከብረዋለሁ። ሆኖም ታካሚው የቆመው በእግሩ ነው፤ ከ92ቱ ካሜራዎች አንዱም ውስጥ እግሩን አያይም። በጸጉር የተሸፈነ የራስ ቅል፣ የጣቶች መሐልና የውስጥ ልብስ የከለለው ቆዳም አይነሱም። ነጩን አውስትራሊያዊ ይህ ጉድለት ብዙም አያሳስበውም፤ እሱን የሚገድለው ሜላኖማ በአብዛኛው ፀሐይ በመታው ጀርባው፣ ክንዱ፣ እግሩና አንገቱ ላይ የሚወጣው ነው። በጥቁር ሕዝቦች ላይ ግን ሜላኖማ ከየትም በላይ የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ስለዚህ ዛሬ በዓለም እጅግ የተራቀቀው የቆዳ ምርመራ እኛን የሚያጠቃው በሽታ የሚቀመጥበትን ቦታ ረግጦ በቆመ ሰው ላይ የሚካሄድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ጉዳይ ይኸው ነው። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ጊዜ ለምን ይህን ያህል እንደሚወስን እንይ። ሜላኖማ የሚነሣው ለቆዳ ቀለሙን ከሚሰጡት ሴሎች ነው። መጀመሪያ በላይኛው ስስ የቆዳ ንጣፍ ውስጥ ወደ ጎን ይሰፋል፤ በዚህ ጊዜ ተቆርጦ ከወጣ ታካሚው ድኗል ማለት ይቻላል። ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ግን ከደም ሥርና ከሊምፍ ቱቦ ጋር ይገናኛል። አሌክሳንደር ብሬስሎ የተባለ አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት በ1970 እንዳሳየው፣ የታካሚውን ዕጣ ከሚወስኑት ነገሮች ዋናው ዕጢው ወደ ታች የወረደበት ጥልቀት ነው፤ መለኪያውም ሚሊ ሜትር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ያልሞላው እና 4 ሚሊ ሜትር ያለፈው ፈጽሞ የተለያዩ በሽታዎች ይመስላሉ። በአሜሪካ ስታቲስቲክስ መሠረት ካንሰሩ ከተነሣበት ቦታ ሳይወጣ ከተገኘባቸው ሰዎች ከ99 በመቶ በላይ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተዛመተባቸው መካከል ግን ይህን የሚያገኙት 35 በመቶ ገደማ ናቸው። ከ2011 ወዲህ የሰውነትን መከላከያ አነቃቅተው ካንሰሩን የሚያስጠቁ መድኃኒቶች መጥተዋል፤ መንገዱን የከፈቱት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆም በ2018 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። የመድኃኒቶቹ ዋጋ ግን ከብዙ አገሮች የጤና በጀት አቅም በላይ ነው። መድኃኒቱ ለማይደርሰው ሕዝብ በጊዜ ማግኘት ብቸኛው ሕክምና ነው።

አውስትራሊያ ከኒውዚላንድ ጋር በሜላኖማ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከሰሜን አውሮፓ የሄደ ፈካ ያለ ቆዳ፣ ለእሱ ያልተፈጠረ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ከዚያ ላይ የባሕር ዳርቻ ኑሮ። በየዓመቱ ከ16 ሺህ በላይ ሰው ሜላኖማ ይገኝበታል፤ 1,300 ያህል ይሞታል። አገሪቱ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በ1981 ሸሚዝ ልበሱ፣ የፀሐይ መከላከያ ተቀቡ፣ ኮፍያ አድርጉ የሚለውን ዘመቻ ጀምራ በየትምህርት ቤቱ አስገባችው፤ በኋላም ቆዳን በመብራት ለማጥቆር የሚከፈትን ንግድ በሕግ ከለከለች። በ2024 የዓመቱ አውስትራሊያዊ ተብለው የተሸለሙት ጆርጂና ሎንግና ሪቻርድ ስኮልየርም የሜላኖማ ሐኪሞች ናቸው። የ92ቱ ካሜራዎች ክፍል ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በዚህ ሁሉ ላይ የመጣ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ በሌላ በር ገባ። በ2017 መጀመሪያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት የዓለምን ጆሮ ሳበ። አንድን የኮምፒውተር ፕሮግራም በ129,450 የቆዳ ምስሎች አሠልጥነው ከ21 የቆዳ ሐኪሞች ጋር ሲያወዳድሩት እኩል ቆመ። በዓመቱ የጀርመን ሃይድልበርግ ቡድን ከ17 አገሮች የተሰባሰቡ 58 የቆዳ ሐኪሞችን ከሌላ ፕሮግራም ጋር አወዳደረ፤ ፕሮግራሙ አብዛኞቹን በለጣቸው። ጋዜጦች የቆዳ ሐኪም ዘመን እያበቃ እንደሆነ መጻፍ ጀመሩ።

ያኔ የተወዳደሩት ግን በአንዲት ነጥብ ምስል ላይ ነው። ሐኪም በክፍሉ ውስጥ የሚያየው ሙሉ ሰው ነው፤ ሃምሳ፣ መቶ፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ነጥብ ያለው ሰው። ልምድ ያለው ሐኪም ከሁሉ በፊት ዓይኑን የሚጥለው ሌሎቹን በማትመስለው ነጥብ ላይ ነው፤ በአንድ ሰው ገላ ላይ ያሉት ነጥቦች እርስ በርስ ይመሳሰላሉና የተለየችው ታሳስበዋለች። መላ ገላን ማንሳት ለኮምፒውተሩም ይህንኑ ዕድል ሰጠው። በ2024 ዓለም አቀፉ የቆዳ ምስል ቅንጅት ባዘጋጀው ውድድር ላይ የቀረቡት ከ400 ሺህ በላይ ምስሎች ከዚሁ ቬክትራ ከተባለው መሣሪያ የተቆረጡ ነበሩ፤ ተወዳዳሪዎቹም አንዲቱን ነጥብ ከዚያው ሰው ሌሎች ነጥቦች ጋር እያነጻጸሩ መፍረድ ይችሉ ነበር። እኔ ከቴክኖሎጂው ሁሉ እውነተኛ እርምጃ የምለው ይህንን ነው። ሜላኖማን ሜላኖማ የሚያደርገው መልኩ ብቻ አይደለም፤ ከጊዜ ጋር መለወጡና ከባለቤቱ ሌሎች ነጥቦች መለየቱም ነው። ሁለቱንም የሰው ዓይን በቃሉ ሊይዝ አይችልም፤ ማሽን ይችላል።

ማሽኑ ምን እንደ ተማረ ማወቅ ግን ሌላ ፈተና ነው። ሐኪሞች ሊያወጡት ያሰቡትን ነጥብ ዙሪያውን በወይን ጠጅ ቀለም ምልክት ያደርጉበታል። የሃይድልበርግ ተመራማሪዎች በ2019 ያንኑ ጤነኛ ነጥብ አንዴ ያለ ቀለም፣ አንዴ ከቀለሙ ጋር ለፕሮግራሙ አሳዩት። ያለ ቀለም ሲያይ ከመቶ ጤነኛ ነጥብ 84ቱን በትክክል ጤነኛ አለ። ቀለሙ ሲጨመር 46ቱን ብቻ። ነጥቧ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ዙሪያዋ ነው። የስታንፎርዶቹም ቢሆኑ ፕሮግራማቸው መለኪያ ማስመሪያ ያለበትን ምስል ካንሰር ነው ወደ ማለት እንደሚያዘነብል በኋላ ራሳቸው ጽፈዋል፤ ሐኪም ማስመሪያ የሚያስቀምጠው ካሰጋው ነጥብ አጠገብ ነውና። እንግዲህ ፕሮግራሙ ከበሽታው ጎን ለጎን የሐኪሙን ጥርጣሬም ተምሮ ነበር። ይህንን ያነሳሁት ማሽኑን ለማጣጣል አይደለም። የተማረበት ምስል ውስጥ የሌለውን አያውቅም፤ ያለውን ደግሞ የማይፈለገውን ጨምሮ ይወስዳል። ወደ እኛ ቆዳ ስንመጣ ይህ ጠባዩ ዋናው ነገር ይሆናል።

ከዚያ በፊት ግን ቴክኖሎጂው በተሠራላቸው ሰዎች መካከልም ያልተመለሰ ጥያቄ አለ። ብዙ ማግኘት ብዙ ሕይወት ማትረፍ ነው ወይ? ሰሜን ጀርመን፣ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን በተባለው ግዛት ከ2003 እስከ 2004 ከ360 ሺህ በላይ ሰው የቆዳ ምርመራ ተደረገለት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በግዛቱ የሜላኖማ ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ደስታው ታላቅ ነበር። ጀርመን ይህንን ተስፋ አድርጋ በ2008 ዕድሜያቸው 35 ዓመት የሞላቸው ሁሉ በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመሩ በአገር ደረጃ ፈቀደች። ከዚያ የግዛቱ ሞት ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ በአገር ደረጃም የተጠበቀው መቀነስ አልመጣም። በአሜሪካ ደግሞ ጊልበርት ዌልችና የሥራ ባልደረቦቹ በ2021 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ እንዳሳዩት፣ በ40 ዓመት ውስጥ ሜላኖማ ተገኘባቸው የሚባሉት ሰዎች ስድስት እጥፍ ሲሆኑ የሚሞቱት ቁጥር ግን ባለበት ቆይቷል። ሁለቱ መስመሮች እንዲህ ሲራራቁ አንድ ነገር ይጠቁማሉ፤ ከተገኙት መካከል ብዙዎቹ ቢተዉም ባለቤታቸውን የማይገድሉ ነበሩ። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይልም በ2023 ምልክት የሌለበትን ሰው ሁሉ በዓይን መመርመርን ለመምከርም ሆነ ለመቃወም የሚያበቃ ማስረጃ የለም ብሏል።

ብሪዝበንም ውስጥ ነገሩ በሙከራ ተፈትኗል። ለሜላኖማ ከፍተኛ ተጋላጭነት ካላቸው ከ300 በላይ ሰዎች ግማሾቹ ከተለመደው ክትትል በተጨማሪ በባለ ሦስት አውታር ምስል ሲታዩ፣ ግማሾቹ በተለመደው ብቻ ቆዩ። ሁለት ዓመት አለፈ። በካሜራው የታዩት ሰዎች ብዙ ነጥብ ተቆረጠላቸው፤ ወጪያቸውም በረታ፤ የተገኘው የሜላኖማ ቁጥር ግን በጉልህ አልተለየም። ይህ ውጤት ፕሮጀክቱን ሊያስቆመው አይገባም፤ ሁለት ዓመት ለካንሰር አጭር ነው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱም ያኔ ከዛሬው ይለያል። ነገር ግን ማሽኑን ሊገዛ ላሰበ ማንኛውም ጤና ሚኒስቴር ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያለበት ጥናት ይህ ነው። ሻጩ ስንት ነጥብ እንዳገኘ ይነግረናል፤ እኛ መጠየቅ ያለብን ስንት ሰው እንዳልሞተ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቆዳ። በ2018 አዴወሌ አዳምሰን የተባለ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጽሑፍ፣ እነዚህ ፕሮግራሞች ባብዛኛው በነጭ ቆዳ ምስል ከተማሩ ለጥቁር ሰው ይበልጥ ሊሳሳቱ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ። ቀጥሎ የመጣው ቆጠራ ከማስጠንቀቂያውም የባሰ ነበር። በ2021 መጨረሻ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ለማንም ክፍት የሆኑ 21 የቆዳ ካንሰር ምስል ክምችቶችን፣ በድምሩ 106,950 ምስሎችን መረመሩ። የቆዳው ዓይነት የተመዘገበላቸው 2,436 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከእነዚያ መካከል ቡናማ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ምስል 10 ነበር። ጥቁር ቡናማ ወይም ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ምስል አንድ ብቻ። የዘር ሐረግ ከተመዘገበላቸው መካከል ደግሞ ትውልዱ ከአፍሪካ የሆነ ሰው ምስል አንድም አልተገኘም።

ይህንን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር ያስቆጣኛል። ቁጣው በእንግሊዞቹ ላይ አይደለም፤ እነሱማ ቆጥረው አሳዩን። የሚያስቆጣኝ እንዲህ ባለ ክምችት የሠለጠኑ ፕሮግራሞች የቆዳ ካንሰር ያውቃሉ ተብለው ለዓለም መቅረባቸው ነው። በ2022 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ የተረጋገጡ 656 ምስሎችን ከልዩ ልዩ ቆዳ አሰባስበው የታወቁ ፕሮግራሞችን ፈተኑ፤ ሁሉም ከዚህ በፊት ከተነገረላቸው በታች ወረዱ፣ በጠቆረ ቆዳ ላይም ይበልጥ ሳቱ። ከጥናቱ የማልረሳው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ፕሮግራሞቹን በእነዚያው ጥቂት ምስሎች እንደገና ሲያሠለጥኗቸው ልዩነቱ ጠበበ። ጉድለቱ የማሽኑ ተፈጥሮ እንዳልሆነ፣ ሊታረምም እንደሚችል የሚያሳይ ነው፤ ለማረሚያውም ሚሊዮን ምስል አላስፈለገም።

ሐኪሙንስ ማሽኑ ይረዳዋል? በ2024 በ39 አገሮች ያሉ ከ800 በላይ ሐኪሞች በተሳተፉበት ጥናት፣ የቆዳ ስፔሻሊስቶችም ሆኑ ጠቅላላ ሐኪሞች በጠቆረ ቆዳ ላይ ያለ በሽታን ሲለዩ ትክክለኛነታቸው በ4 የመቶኛ ነጥብ ያህል ዝቅ አለ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲታገዙ ሁሉም ተሻሻሉ፤ ጠቅላላ ሐኪሞቹ ግን በነጭ ቆዳ ላይ ይበልጥ ስለተሻሻሉ በሁለቱ የቆዳ ዓይነቶች መካከል ያለው ልዩነት ሰፋ። ይህ ነገር አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሜልበርን ፉትስክሬይ የሚኖረውን ወገናችንን በቀጥታ ይመለከተዋል፤ እሱ መጀመሪያ የሚያገኘው ስፔሻሊስት ሳይሆን ጠቅላላ ሐኪም ነውና። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጥር 2024 ዴርማሴንሰር የተባለውን፣ በብርሃን ቆዳን መርምሮ ለጠቅላላ ሐኪም ፍንጭ የሚሰጥ የእጅ መሣሪያ ሲፈቅድ፣ ኩባንያው በሙከራው ውስጥ በቁጥር ባነሱት የሕዝብ ክፍሎች ላይ ተጨማሪ ፍተሻ እንዲያደርግ ግዴታ ጥሎበታል። ገበያ ከገባ በኋላ ማለት ነው።

በአሜሪካ ጥቁሮች ሜላኖማ የሚይዛቸው ከነጮቹ እጅግ ባነሰ መጠን ነው፤ ነጭ አሜሪካዊ በዕድሜው ከ33 አንድ ያህል ዕድል ሲኖረው ጥቁሩ ከ1,000 አንድ ነው። ከተያዙት መካከል ግን አምስት ዓመት የሚኖሩት ከነጮቹ 94 በመቶ ገደማ፣ ከጥቁሮቹ 70 በመቶ ገደማ ናቸው። ይህ ልዩነት በአብዛኛው የመዘግየት ነው። ታካሚው አይጠረጥርም፣ ሐኪሙ አይጠረጥርም፣ ቦታውም ካልሲና ጫማ የሸፈነው ነው።

ዓለም የሚያውቀው ታካሚ አለ። ቦብ ማርሊ በ1977 ኳስ ሲጫወት የተጎዳ አውራ ጣቱ አልድን አለው። ሲመረመር በጥፍሩ ሥር ሜላኖማ ተገኘ። ጣቱ እንዲቆረጥ ሐኪሞች ቢመክሩትም በራስተፋሪያን እምነቱ ምክንያት አልተቀበለም፤ የታመመው ክፍል ብቻ ተነሥቶ ቆዳ ተተካበት። በቀጣዩ ዓመት ሻሸመኔ መጣ። በ1980 መስከረም ኒውዮርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ፤ ካንሰሩ አንጎሉ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ ከአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ ግንቦት 11 ቀን 1981 በ36 ዓመቱ ማያሚ ላይ ሲያርፍ ሥርዓተ ቀብሩ ኪንግስተን ውስጥ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ተፈጸመ። ብዙ ሰው ኳሱ ገደለው ብሎ ያስባል። የሐኪሞች ግምት ግን ሌላ ነው፤ ጉዳቱ ዓይንን ወደ ጣቱ ሳበ እንጂ በሽታው ቀድሞም እዚያ የነበረ ነው።

ይህ ዓይነቱ ሜላኖማ ከፀሐይ ጋር ያለው ግንኙነት እጅግ ደካማ ነው። የዘረመል ጥናቶች የፀሐይ ጨረር የሚተወውን አሻራ በነጮቹ ዕጢ ላይ በብዛት ሲያገኙ በውስጥ እግሩ ዕጢ ላይ ግን እምብዛም አያገኙትም። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ2016 እንዳሳዩት፣ በውስጥ እግር ላይ በብዛት የሚወጣው ክብደት በሚያርፍበት ተረከዝና የፊት እግር ላይ ነው። ስለዚህ የፀሐይ ቅባት ዘመቻው ከዚህ አያድንም። ያለው መንገድ ማየት ብቻ ነው።

እንዴት ነው የሚታየው? ደርማቶስኮፕ መብራት ያለው የእጅ ማጉያ ነው፤ በስልክ ካሜራ ላይ የሚገጠምም አለ። ውስጥ እግር ላይ ሲያስጠጉት ቆዳው እንደ ታረሰ ማሳ ጎን ለጎን የተሰለፉ ጉብታዎችና ትልሞች ሆኖ ይታያል፤ የላብ ቀዳዳዎቹ በጉብታው አናት ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ሆነው ይሰለፋሉ። ጤነኛ ጥቁር ነጥብ ቀለሙን በአብዛኛው የሚያጠራቅመው በትልሞቹ ውስጥ ነው፤ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይሠራል። ሜላኖማ ጉብታዎቹን ይይዛል፤ መስመሮቹ ወፍራምና ያልተስተካከሉ ይሆናሉ፣ የላብ ቀዳዳዎቹም በጥቁሩ መሐል ይታያሉ። ቶሺያኪ ሳይዳ የተባሉት ጃፓናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2004 ባሳተሙት ጥናት ይህ የጉብታ ምልክት ከሜላኖማዎቹ 86 በመቶውን ያዘ፤ ጤነኞቹን ደግሞ 99 በመቶ በትክክል ለየ። በ2018 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ከመዳፍና ከውስጥ እግር የተነሱ 724 የደርማቶስኮፕ ምስሎችን ብቻ ይዘው ፕሮግራም አሠለጠኑ፤ ውጤቱ ከባለሙያዎቹ ጋር ተቀራራቢ ሆነ። 724 ምስል! የቆዳ ክሊኒክ ያላቸው ጥቂት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተባብረው በጥቂት ዓመታት ሊሰበስቡት የሚችሉት ነው።

የኮሪያውን ፕሮግራም እንዳለ አምጥቶ መጠቀም ግን አይቻልም። በጠቆረ ሰው ውስጥ እግር ላይ ከበሽታ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ቡናማ ነጠብጣቦች የተለመዱ ናቸው፤ በጥፍር ላይም ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄድ ቡናማ መስመር በብዙዎቻችን ላይ፣ ያውም በበርካታ ጣቶች ላይ ይገኛል። ይህንን የማያውቅ ፕሮግራም ጤነኛውን ሁሉ ቢላ ሥር ያስገባዋል። የሚያሰጋው በአንድ ጣት ላይ ብቻ፣ በተለይም በአውራ ጣት ላይ የወጣ፣ እየሰፋና እየጠቆረ የሚሄድ፣ ቀለሙም ከጥፍሩ አልፎ ወደ ሥጋው የተረፈ መስመር ነው። ይህንን ከዚያኛው መለየት የሚችል ማሽን የሚሠራው በእኛው ጥፍርና በእኛው ውስጥ እግር ምስል ነው።

በኢትዮጵያ እግርን መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1965 ለሥጋ ደዌ ከተቋቋመ ጀምሮ ስሜት ያጡ እግሮችን መፈተሽ፣ ቁስልን ማከም፣ ልዩ ጫማ መሥራት ዋና ሥራው ነበር። በወላይታና በሌሎች ቀይ አፈር ባለባቸው አካባቢዎች በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት የሚያክሙ ሠራተኞች በየቀኑ እግር አጥበው፣ አድርቀው፣ ቅባት ቀብተው ይመልሳሉ። የስኳር ሕመም ክሊኒኮች ታካሚን ጫማ አስወልቀው ያያሉ። ከ2003 ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። እነዚህ ሰዎች እግር አይተዋል፤ ነገር ግን ጥቁር ቁስልን ሜላኖማ ሊሆን ይችላል ብለው እንዲጠረጥሩ ያሠለጠናቸው የለም። እንቅፋት መታኝ፣ እሾህ ወጋኝ ብሎ የመጣ ገበሬ ቁስሉ ታጥቦ፣ ታሽጎ፣ ፀረ ተዋሲያን ተሰጥቶት ይመለሳል፤ ለወራት ያልዳነ ቁስል ከሆነ ግን ናሙና ሊወሰድለት ይገባ ነበር።

የኔ ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። 92 ካሜራ ያለው ክፍል ለኢትዮጵያ አያስፈልጋትም፤ ቢለገሳትም የመጀመሪያ ሥራዋ ሊሆን አይገባም። ለቆዳ ክሊኒኮች፣ ለእግር እብጠትና ለስኳር ሕመም ማዕከላት በስልክ ላይ የሚገጠም ደርማቶስኮፕ ይሰጥ። ማንኛውም ከወር በላይ ያልዳነ ወይም የጠቆረ የእግር ቁስል፣ ማንኛውም ብቻውን የሰፋ የጥፍር መስመር ይነሣ፤ ምስሉ አዲስ አበባ ላለ የቆዳ ሐኪም ይላክ። የሚያሰጋው ናሙና ይወሰድለት፤ የፓቶሎጂው ውጤት ተመልሶ ከምስሉ ጋር ይያያዝ። ውጤቱ ያልተያያዘለት ምስል ለማሽን ማስተማሪያ አይሆንም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለሰርቨርም ለፕሮግራመርም ከመዋሉ በፊት ለፓቶሎጂ ላቦራቶሪ መዋል አለበት። ከትላልቅ ከተሞች ውጭ ናሙና የሚያነብ ፓቶሎጂስት ማግኘት ከባድ ነው፤ የሥራው ማነቆ እዚያ ነው እንጂ ስልኩ ላይ አይደለም። የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት የሚገባው ይህ ሲጀመር ነው፤ የተረጋገጡት ምስሎች ጥቂት መቶ ሲደርሱ ኮሪያውያኑ የሠሩትን ሊሠራ ይችላል።

ይህን ስል የአውስትራሊያና የጀርመን ትምህርት እዚህም እንደሚሠራ አልዘነጋም። ጤነኛ ሰውን ሁሉ አሰልፎ ውስጥ እግሩን ማንሳት አያስፈልግም፤ በሽታው በቁጥር ጥቂት ስለሆነ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያው ከሚያድነው በላይ ይጎዳል። የሚታየው አስቀድሞ የታመመ፣ ቁስል ያለበት፣ እግሩን ለማሳየት የመጣ ሰው ነው። መለኪያውም አብሮ ይወሰን፦ በየዓመቱ ከተገኙት የውስጥ እግር ሜላኖማዎች አማካይ ጥልቀታቸው በብሬስሎ ሚሊ ሜትር እየቀነሰ መጣ ወይ? ጥልቀቱ ካልቀነሰ፣ የተነሡት ምስሎች ስንት ሺህ ቢደርሱም ፕሮግራሙ አልሠራም።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ምስል በፊት መታሰር አለበት። የአፍሪካ ቆዳ ምስል በዓለም ክምችት ውስጥ የለም ማለት ፈላጊው ብዙ ነው ማለት ነው። ኩባንያዎች ስልክና ደርማቶስኮፕ በነጻ ሰጥተው ምስሉን ሊወስዱ ይመጣሉ፤ ከዚያ የሠሩትን ፕሮግራም መልሰው ሊሸጡልን ይችላሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ወጥቷል፤ የገበሬውን ፈቃድ በሚገባው ቋንቋ መጠየቅ፣ ምስሉ የት አገር እንደሚቀመጥ መወሰን፣ ከእሱ የተሠራ ማንኛውም መሣሪያ ለኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች በምን ዋጋ እንደሚቀርብ በውል ማስፈር የጤና ሚኒስቴር ሥራ ነው። ውሉ የሚጻፈው ምስሎቹ ገና እጃችን ላይ ሳሉ ነው፤ ከሄዱ በኋላ የምንደራደርበት ነገር አይኖረንም።